ልጄን በከበሮ ሸኟት

ሳን ሮኬ፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ልጄ ኤልቪራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ደኅና ናቸው? በዚያ ተራራ ላይ ያሉት ልጆችስ? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ቅር ብሎኝ አይደለም። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እጄ ሲጽፍ ቀርፋፋ ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱ ቃል ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ወንዙ እወጣለሁ። ስመለስ ቀለሙ ደርቆ ይጠብቀኛል።

መርዶው እንዴት እንደደረሰኝ ጠይቀሽኛል። ሰው ቀስ ብሎ አስረዳዎት ወይ ብለሻል።

የዚያን ቀን ከወንድሜ ሚስት ከፔትሮና ጋር ባሕር ዳር ባለው የማንግሮቭ ደን ውስጥ ነበርን፤ ጭቃው እስከ ጉልበታችን ይዞናል፣ ፒያንጓ የምንለውን ዛጎል እንለቅማለን። ፔትሮና እንደ ልማዷ ትተርበኛለች። «አንቺ፣ ዛጎሉን ትለቅሚዋለሽ ወይስ ታባብዪዋለሽ? ቅርጫትሽ እኮ ገና ባዶ ነው!» ትለኛለች። እኔም የምመልስላት አላጣሁም። እየተሳሳቅን ሳለ የሴሊኖ ጀልባ ከጓፒ ገበያ ሲመለስ ሰማን። የሱን ሞተር የመንደሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደ ሳል ነው የሚጮኸው። ከወንዙ መታጠፊያ ማዶ ድምፁ ድንገት ጠፋ። ከዚያ ሴሊኖ በመቅዘፊያ እየቀዘፈ ብቅ አለ።

በእኛ ወንዝ መርዶ የያዘ ሰው ሞተር አያስጮህም።

ፔትሮና ቀና ብላ «የማን ነው?» አለችው። ሴሊኖ ባርኔጣውን አወለቀ። እሷ አምስት ልጆች ከተማ አሏት፤ እኔ አንዲት ብቻ ነበረችኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ ኤልቪራ፣ የፔትሮና ይሁን ብዬ ተመኘሁ። እሷም የኔን ተመኝታ ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም።

«ፋኩንዳ፣ ከጭቃው ነይ ውጪ» አለኝ።

«እዚሁ ንገረኝ።»

እዚያው ቆሜ ሰማሁት። ስለዚህ አልወደቅሁም፤ ጭቃው ይዞኝ ነበር።

ባሕሩ ስለተቆጣ መልእክትሽ ጓፒ ሬዲዮ ቤት ሲጠብቅ ቆይቷል። እኔ ስሰማ እናንተ ቀብራችሁ ነበር። ተራራው ተንዶ አውቶቡሱን እንደወሰደው፣ መንገዱም ተዘግቶ ሬሳዋን ማምጣት እንዳልተቻለ ሴሊኖ ነገረኝ። አትጸጸቺ። ቀለም ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ ነው ብለሽኛል፤ እሱም የራሷ ሥራ ነው፣ ማንም አልላካትም።

አሁን የምጠይቅሽን ብቻ ንገሪኝ። ማን አጠባት? ምን ለብሳ ሄደች? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ዘጠኙን ምሽት የዘመረላት አለ ወይ? ለአንዲት ነፍስ ሁለት ቦታ መሠዊያ አይቆምም፤ በየትኛው በር እንደምትወጣ ግራ ይገባታል። እዚያ ተዘምሮላት ከሆነ እኛ እዚህ ዝም እንላለን። ካልተዘመረላት ግን ልጄ እስካሁን አልሄደችም ማለት ነው። እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ፋኩንዳ ኩዌሮ፣ የኔሪሳ እናት


ሳንታ ሉሲያ፣ መጋቢት 19

ይከበሩ እማማ ፋኩንዳ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ እናቴ አጠገቤ ነበረች። ኔሪሳን ያጠበቻት እሷ ናት። «ለእናቲቱ ንገሪያት፣ እንደ ልጄ ነው ያጠብኳት፣ ውሃውንም አሙቄዋለሁ በያት» ብላኛለች። ያንን ቢጫ ቀሚሷን አለበስናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትለብሰውን።

ለጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው፣ እማማ። ዘጠኙንም ምሽት ተዘምሮላታል። እኔ እንኳ ሳላስበው ያሰቡት ልጆቹ ናቸው። «መምህር ኔሪሳ የሞተ ሰው ብቻውን አይተውም፣ ይዘመርለታል ብላናለች» አሉኝ። እናቶቻቸው የድንች ሾርባ እየያዙ መጡ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሁለታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በምናስተምርበት ክፍል ተሰብስበው ከእሷ የተማሩትን ዜማ ዘመሩላት። አንድም ምሽት አልጎደለም። በዝናብ እንኳ መጥተዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ዓሣ ልኬልዎታለሁ። ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸውና ኔሪሳ የጓፒን ወንዝ የሚያህል ወንዝ በወረቀት አሠርታቸው ከጣራው ላይ አንጠልጥላው ነበር። እሷ የእንጨት ማሪምባዋን ትመታለች፤ እነሱ የሰሙትን ይስላሉ፤ እኔ ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ አቀብል ነበር። ዓሣው ከዚያ ወንዝ የወጣ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ልጆቹ ቅዳሜ ሲመጣ በተዘጋው በር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ክፍሉን ብከፍትላቸው ይከፋዎታል?

አክባሪዎ ኤልቪራ ፓንቶሃ


ሳን ሮኬ፣ የትንሣኤ ማግስት

ልጄ ኤልቪራ፣

እንኳን አደረሰሽ። እናትሽን እጃቸውን ሳሚልኝ። ውሃውን ማሞቃቸው አልቅሼ ጨረስኩ ስል እንደገና አስለቀሰኝ፤ ኔሪሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ አትወድም ነበር። ወንዝ ዳር ተወልዳ ወንዝ ስትገባ የምትጮህ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ዓሣው ደርሷል። ግን ጀልባዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ ስለበሰበሰ ፔትሮና በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አምጥታልኝ፣ «ይኸው፣ ከተራራ የመጣ ዓሣ፤ እንጥበሰው ወይስ እናስጣው?» አለች። በር ላይ አሰጣነው። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል እንጂ ሌላው ደኅና ነው።

ክፍሉን ክፈቺላቸው። ልጅ በር ላይ አይቀመጥም።

ዘጠኙ ምሽት አንድም ሳይጎድል መዘመሩን ለመንደሩ ሴቶች አነበብኩላቸው። በእግዜር ስም እነግርሻለሁ፣ የቀኑብኝ አሉ። ከእነዚያ መካከል ልጆቿ በከተማ ተቀብረውባት ማን እንደዘመረላቸው የማታውቅ አለች። «ያንቺይቱ እኮ ዕድለኛ ናት፣ ባዕድ አገር ሄዳ ወገን አፍርታ ቆየች» አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ሄዳለች፣ ደርሳለች እላለሁ።

እንዲያም ሆኖ ግን ትናፍቀኛለች፤ ምን ብዬ ልንገርሽ። ሬሳ ያየ ሰው ልቡ ይቆርጣል ይባላል። እኔ ያየሁት ስትሄድ ነው፤ ጀልባዋ ላይ ቆማ «ቁጭ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» እያልኳት፣ እሷ እየሳቀች እጇን ስታወዛውዝ። ሞተር በሰማሁ ቁጥር ልቤ መታጠፊያው ጋ ሄዶ ይቆማል። ድምጿ ደግሞ እየራቀኝ ነው። ፊቷን ባሰብኩ ጊዜ ይመጣልኛል፤ ድምጿ ግን ጠዋት ያለ መስሎኝ ማታ እፈልገዋለሁ። ከልጆቹ ጋር ስትሠራ የተቀዳ ነገር ቢኖር፣ አጭርም ቢሆን፣ ላኪልኝ።

ፋኩንዳ


ሳን ሮኬ፣ የሳን አንቶኒዮ ዋዜማ

ኤልቪራ፣

ካሴቱ ደርሷል። እግዜር ይስጥሽ ልል ነበር የተቀመጥኩት፤ መጀመሪያ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቤቴ ሐዘን ቤት ነው፤ ዓመት እስኪሞላ ዘፈን አይገባበትም። ስለዚህ የሴሊኖን ቴፕ ተውሰን፣ ከፔትሮና ጋር በታንኳ ወንዙ መካከል ወጣን። «ወንዙስ ሐዘን አልተቀመጠም?» ብላ ቀለደችብኝ፤ መቅዘፉን ግን አላቆመችም። መጀመሪያ የሚንሿሿ ነገር ተሰማ። ከዚያ እሷ።

«ስሙኝማ! ከበሮው ምን አጠፋ? እንደ ሌባ ነው እኮ የምትደበድቡት! በጣታችሁ ጫፍ አናግሩት… ሶራይዳ፣ አንቺ ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? ዝናቡ ገና ከተራራው ማዶ ነው።»

አንዲት ልጅ «መምህር፣ የእኔ ዝናብ ሐምራዊ ቢሆን ችግር አለው?» ስትላት፣

«ሐምራዊ ከዘነበብሽ እንግዲህ ጃንጥላሽንም ሐምራዊ አድርጊው!» አለችና ሳቀች።

ያ ሳቅ የአባቷ ነው። ፔትሮና መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀረች፤ ወንዙ ወደፈለገበት ወሰደን። ደጋግመን ሰማነው። እንደ ድንጋይ የጸናችው ፔትሮና፣ በባሏ በወንድሜ ቀብር ላይ እንባ ያላየንባት፣ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ከዚያ ካሴቱን ገለበጥኩት። «የዘጠኙ ምሽቶች ዝማሬ» ብለሽ ጽፈሽበታል። እነዚያን የቀኑብኝን ሴቶች ልጠራ ነበር፤ እንኳን አልጠራኋቸው።

ከበሮ ነው የሰማሁት ኤልቪራ። ከበሮና ጭብጨባ፣ የልጆች ሳቅ፣ «ንቢቱ በረረች፣ እልፍኝ ገባች» የሚለው ጨዋታ። ፔትሮና «ይሄ እኮ ቺጓሎ ነው! ለሕፃን ነው!» ብላ ጮኸች። ታንኳዋ ልትገለበጥብን ነበር።

የማታውቂ ከሆነ ልንገርሽ። በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲሞት ቺጓሎ ይደረግለታል። ኃጢአት አያውቅምና መልአክ ነው፤ ጸሎት አያስፈልገውም፤ ከበሮ ተመትቶ፣ ልጆች ተጫውተው፣ እንደ ደስታ ይሸኛል። እናቱ እንኳ እንዳታለቅስ ትከለከላለች፤ እንባዋ ክንፉን ያርስበታል። ለትልቅ ሰው ግን አላባዎ ነው። ከበሮ የለ፣ ማሪምባ የለ፤ ሴቶች በባዶ ድምፃቸው ዘጠኝ ምሽት ምሕረት ይለምኑለታል። በዘጠነኛው መሠዊያው ይፈርሳል፤ ነፍስ ያኔ ትሄዳለች።

ልጄ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። መልአክ አልነበረችም። ትቆጣ ነበር፣ ቂም ትይዝ ነበር፣ ሰው ስለሆነች የሠራችው አለ፤ እናቷ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ምሕረት የሚለመንላት ሴት ነበረች። እናንተ ግን ጨዋታ ተጫወታችሁላት። እኔም ተዘመረላት ብዬ እዚህ መሠዊያ ሳላቆም ከረምኩ፤ እሷ ደጅ ቆማ እኔ ተኛሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ፋኩንዳ


ሳንታ ሉሲያ፣ ሐምሌ 3

ይከበሩ እማማ ፋኩንዳ፣

እንዴት ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅዎ ቃል አጣሁ። እኛ ተራራ ላይ ያለን ሰዎች ስንቀብር ዝም እንላለን። ቄሱ ይጸልያል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ወደ ቤት እንገባለን። ልጆቹ ሲዘምሩ ሳይ፣ ያገሯን ሥርዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብዬ አመንኩ። የእርስዎም ደብዳቤ «ዘመሩላት ወይ?» አለ እንጂ ምን ብለው አላለም፤ ይህን እንደ ማመካኛ አይቁጠሩብኝ።

ልጆቹ ዜማውን ከየት እንዳመጡት እርስዎ ሊያውቁ ይገባል። ካሴቱ ላይ ስሟን የሰሙት የሶራይዳ ትንሽ ወንድም ካቻምና በሁለት ወሩ ሞተ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቱ ጨልሞ፣ እናቲቱ ከአልጋ አልነሣ ብላ ሳለ፣ ኔሪሳ የክፍሉን ልጆች ሁሉ ሰብስባ ከበሮውን ይዛ ሄደች። «ይሄ ልጅ ዝም ተብሎ አይሄድም፣ ኑ ተጫወቱለት» አለቻቸው። ያንን ዜማ ያን ቀን ነው ያስተማረቻቸው። እናቲቱ ተነሥታ አብራ አጨበጨበች። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሕፃን ብቻ መሆኑን ኔሪሳ አልነገረቻቸውም፤ የሞተው ሕፃን ስለነበር መንገር አላስፈለጋትም መሰለኝ።

እሷ ስትሞት ሶራይዳ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ለወንድሜ የተደረገውን እናድርግላት» አለች። ከበሮውን ዘጠኙንም ምሽት የመታችው እሷ ናት።

አሁን የምነግርዎ ባይነገር ይሻል ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ ሶራይዳ ፊቴን አይታ «ምን አሉ?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ከበሮ አትነካም፤ ክፍሉም አትገባም። በመስኮት ትቆማለች። ትናንት «መምህርን መንገድ ያጠፋኋት እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አላገኘሁም። እርስዎ ያገኙ እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ባይጽፉም አልፈርድብዎትም።

ኤልቪራ


ሳን ሮኬ፣ የካርሜን ድንግል በዓል ሳምንት

ልጄ ኤልቪራ፣

እንደምን አላችሁ? ያለፈው ደብዳቤዬ ሰላምታ አልነበረውም። እናቴ ብትሰማ በመቃብሯ ትገላበጥ ነበር። በዚህኛው ላይ የሁለቱን ያህል ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እትዬ ፕራክሴዲስ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ያለፋት ሴት ናት፤ በዚህ ወንዝ ያለ ሙት ሁሉ በእሷ አፍ ነው የተሸኘው። በር ላይ ተቀምጣ ሲጋራዋን እንደ ልማዷ እሳቱን ወደ አፏ ውስጥ አድርጋ ታጨሳለች። አንድ በአንድ ነገርኳት።

«የሁለት ወሩን ሕፃን በቺጓሎ ሸኘችው አልሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጎሽ። ሥርዓቱን አልረሳችም ማለት ነው። አንቺ ግን ለምን ነው ፊትሽን እንደ ደረቀ የሙዝ ልጣጭ ያጠቆርሽው?»

«በከበሮ ነው እኮ የሸኟት፣ እትዬ! ጠፍታብኝ ቢሆንስ?»

«ኔሪሳ ከበሮ ሰምታ መች ጠፍታ ታውቃለች? አንቺ ለምሳ ስትጠሪያት ነበር የምትጠፋው!» ብላ ሳቀች፤ ጭሱ በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ግን ሳቋን ተወችው። «ስሚኝ ፋኩንዳ። ልጆቹ ከልባቸው ያደረጉት አይፈርስም። ወስደው ሕፃናቱ መካከል አስቀምጠዋታል። እዚያ ተቀምጣ እያጫወተቻቸው ይሆናል፤ ሥራዋም ይኸው አልነበር? ግን ያ ቦታዋ አይደለም፤ ትልቅ ሴት ናት። የሚያሻግራት ትፈልጋለች።»

«ማን ያሻግራታል?»

«እኛ ነና! በኅዳር መጀመሪያ የሞቱ ሕፃናት ቀን አለ፤ በማግስቱ የትልልቆቹ ነው። ዘጠኙን ምሽት እንዲያ እንቁጠረው፤ የመጨረሻው በሁለቱ ቀኖች መካከል ይዋል። ከልጆቹ ተቀብለን ለትልልቆቹ እናስረክባታለን።»

እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። ሌላም ሰው የሚያስበው አይመስለኝም።

ሬሳዋ እዚህ ስላልሆነ በመሠዊያው ላይ የሚቀመጥ፣ ገላዋን የነካ ነገር ያስፈልጋል። ስትሠራ የምታሸርጠው ሽርጥ ካለ ላኪልን። እንዳታጥቢው።

የሚቀጥለውን ለሶራይዳ አንብቢላት።

ሶራይዳ ልጄ፣ እኔ የመምህርሽ እናት ነኝ። ካሴቱ ላይ ስምሽን ሰምቻለሁ፤ ሐምራዊ ዝናብ የሳልሽው አንቺ ነሽ ወይስ ጓደኛሽ? ስለ ወንድምሽ ነግረውኛል። እሱ በትክክል ነው የሄደው፤ በዚህ ማንም አይጠራጠር። መምህርሽን መንገድ አላጠፋሻትም። የምታውቂውን መንገድ ሁሉ አብረሻት ሄድሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጅ አይሄደውም፣ የእኛ የአሮጊቶቹ ነው። አንቺ ያደረስሻት ቦታ መጥተን ከአንቺ እንቀበላታለን። አሁን መስኮቱን ተዪው፣ ግቢ። ከበሮው በራሱ አይናገርም።

ፋኩንዳ


ሳን ሮኬ፣ የሕፃናት ሙታን ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ልጄ ኤልቪራ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሴቶቹ ነጩን አንሶላ ግድግዳው ላይ ሲወጥሩ፣ እኔን «አንቺ ዛሬ አትነኪም» ብለው ጥግ አስቀምጠውኝ ነው። እንግዲህ ጊዜ ካለኝ ልጻፍ አልኩ።

ሽርጡ ደርሷል። ፔትሮና ስታየው «ኧረ ይሄ ቆሟል እኮ! በእግሩ መጥቶ ነው?» አለች፤ ሙጫው አድርቆት ነው። ልታጥበው ስትነሣ እጇን ያዝኩት። ኪሱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የትንሽ ልጅ መዳፍ ታትሟል። የማን እንደሆነ አትንገሪኝ፤ የሁላቸውም ነው ብዬ ልያዘው። አሁን በመሠዊያው ላይ፣ ለትልቅ ሰው ሙት ከምንሰቅለው ጥቁር የወረቀት ቢራቢሮ ሥር ተዘርግቷል። አሸትቼዋለሁ። ቀለም ቀለም ይላል፤ ከአንገቱ በኩል ግን እሷን ይላል።

ሶራይዳ ክፍሉ ውስጥ መግባቷን ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። ከበሮው ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትመታውም ማለትሽ አሳቀኝ። ይሁን፤ መቀመጥም መጀመሪያ ነው። ከነገ ጀምሮ ትምታው፤ ሐዘኑ የእኔ ቤት ነው እንጂ የእናንተ አይደለም።

ስምንቱ ምሽቶች እንዴት እንደነበሩ መጠየቅሽ አይቀርም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥቂት ነን። አላባዎ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ድሮ ሲወጣ ከማዶ ዳርቻ ሳይቀር ነበር የሚቀበሉት፤ ዛሬ ከማዶ ያሉት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ሰዉ ወደ ከተማ ሄዷል። እትዬ ፕራክሴዲስ በሦስተኛው ምሽት ትንፋሽ አጠራት። «ፋኩንዳ፣ አንቺ አውጪ» አለችኝ።

«እናት ለልጇ ታወጣለች እንዴ፣ እትዬ?»

«ሌላ ማን አለ? ፔትሮና? እሷ ያወጣች እንደሆነ ሙታኑ ተነሥተው ዝም በይ ይሏታል!»

«ሰማሁሽ እኮ!» አለች ፔትሮና ከወጥ ቤት።

«እንድትሰሚ ነው የተናገርኩት!»

ስለዚህ እኔ አወጣለሁ። ግን ስንኙን ጨርሼ መልሱን ስጠብቅ፣ የሚመለሰው ድምፅ ቀጭን ነው። ጣራው ሳይደርስ ያልቃል። ይህን ያህል ቀጭን ገመድ ትልቅ ሴት ይስባል ወይ እያልኩ እፈራለሁ።

ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ ምሽቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ አውቃለሁ። እትዬ ፕራክሴዲስ ግን «ጸሎት እንደ ጀልባ የመነሻ ሰዓት የለውም፣ የዘገየውም ይደርሳል» ትላለች። እኔ የማወጣው ይህን ነው፤

በሩን ክፈቱላት፣ መንገዷ ሩቅ ነው፤
ብቻዋን ናት ልጄ፣ ሰዓቱም መሽቷል።

የሚቀበሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፤

አደራ ድንግል ሆይ፣ እጇን ያዢልን።

ለልጆቹ ስጫቸው። ዜማውን በወረቀት መላክ አልችልም፤ ራሳቸው ይፈልጉት። ዝናብን በቀለም የሣሉ ልጆች ዜማ አያቅታቸውም። ያለ ከበሮ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ይበሉት።

ለእነሱ ካነበብሽ በኋላ ደብዳቤውን አታስቀምጪው። ለእናትሽ አንብቢላቸው፣ የሾርባውን ድስት ለተሸከሙት ሴቶች፣ ለሶራይዳ እናት። የሚያነብ ከተገኘ ለማላውቀውም ሰው ይሂድ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ማንም ብትሆኑ፣ ልጄን ባታውቋትም፣ ስሟ ኔሪሳ ነው፤ ልጆችን ሙዚቃና ሥዕል ታስተምር ነበር፤ በተራራ መንገድ ላይ ሞተች፤ እናቷ አላየቻትም። ዳኛም አትሁኑላት፣ ጠበቃም አትሁኑላት፤ ነፍሷን እንዲምርላት ብቻ ለምኑላት። ረጅም ጸሎት ባታውቁ ያቺ አንዲት መስመር ትበቃለች።

ሴቶቹ እየጠሩኝ ነው። እኔ አወጣለሁ። እናንተ ተቀበሉኝ።

ፋኩንዳ ኩዌሮ፣ የኔሪሳ እናት